ገና ያልተሠራ ዕቃ ስለ ማዘዝ፤ የባቡር አምሳያ ነጋዴዎች የአዲስ ዕቃ ማስታወቂያን እንዴት እንደሚያነቡ

ነጋዴ ዕቃውን በዐይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶና ዋጋውን ተከራክሮ የሚገዛበት ጊዜ አለ። እንዲሁም ሥዕሉን በካታሎግ ብቻ ተመልክቶ፣ ዕቃው ገና ከፋብሪካ ሳይወጣ፣ አንዳንድ ጊዜም ሥራው እንኳ ሳይጀመር፣ ትእዛዝ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይህ ሁለተኛው ዐይነት ንግድ በብዙ ሸቀጥ ላይ የሚገኝ ቢሆንም፣ ጥቅሙና አደጋው እንደ ባቡር አምሳያ ንግድ ጐልቶ የሚታይበት ስፍራ ጥቂት ነው።

በአውሮጳ የባቡር አምሳያ የሚሠሩ ኩባንያዎች ከዘመን መለወጫቸው ማግሥት ጀምሮ በሚመጡት ወራት የሚያወጧቸውን ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች ዝርዝር ማስታወቅ የቆየ ልማዳቸው ነው። በ1950 የተጀመረው የኑረንበርግ የመጫወቻ ዕቃዎች ትርዒትም የሚከፈተው በዚሁ ሰሞን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ጊዜ ለባለ ሱቁ የሚቀርብለት ያማረ ሥዕል፣ የዕቃ ቁጥርና ዋጋ ነው፤ ዕቃው ራሱ ግን ብዙውን ጊዜ ገና የለም። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ «ምን ሊመጣ ነው?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «የታወጀው ዕቃ ከምን ደረጃ ላይ ደርሷል?» ብሎም ይጠይቃል። የመጫወቻ ዕቃ የማያስመጣ ነጋዴም ቢሆን፣ ጨርቅ ወይም የመኪና መለዋወጫ ወይም የቤት ዕቃ ከሩቅ አገር በሥዕልና በናሙና የሚያዝ ከሆነ፣ ነገሩ ይመለከተዋል።

የአምሳያው መጠንና ሐዲዱ

የባቡር አምሳያ ሲባል የሕፃናት መጫወቻ ብቻ አይደለም። ከፍ ያለ ዋጋ የሚያወጣውን አምሳያ የሚገዙት በአብዛኛው ዐዋቂዎች ናቸው፤ እነርሱም የመንኰራኵሩን ብዛት፣ የቀለሙን ዐይነትና የቁጥሩን ትክክለኛነት ከእውነተኛው ባቡር ጋር እያስተያዩ የሚመረምሩ ናቸው። ስለዚህ ባለ ሱቁ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የመጠን ነገር ነው።

በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው መጠን ኤች ኦ የተባለው ሲሆን፣ አምሳያው ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ ነው። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ለ87 ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን በአገራችን ምሳሌ ለማስረዳት ይቻላል። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለ ነበረ፣ በዚሁ መጠን የዚያን ባቡር አምሳያ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሐዲድ ይጠቀማል። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር ግን ባለ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ አምሳያው በ16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ይሄዳል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኦ ኦ የተባለው መጠን የተለመደ ነው፤ ሐዲዱ ያው 16.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ባቡሩ ግን 76 ጊዜ ብቻ ያነሰ ነው። ምክንያቱም የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ከሌላው አውሮጳ ሎኮሞቲቮች ይልቅ ጠበብ ያሉ ስለ ነበሩ፣ በዚያ ዘመን የነበረው የኤሌክትሪክ ሞተር በውስጣቸው አልበቃ ስላለ፣ ሐዲዱን ሳይነኩ አካሉን አተለቁት። ከእነዚህ ሌላ 9 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ያለው ኤን፣ እንዲሁም ሜርክሊን በ1972 ያወጣው 220 ጊዜ ያነሰው ዜድ አሉ። መጠኑን ሳያጣራ ያዘዘ ባለ ሱቅ፣ ሎኮሞቲቩ ከአንዱ፣ ፉርጎው ከሌላው መጠን ይደርሰውና ሁለቱንም ሳይሸጥ ይቀራል።

መጠንን አስማምቶ የመሥራት ልማድ የመጣው ከንግድ ጥበብ ነው። በ1859 በጎፒንገን ከተማ የተመሠረተው ሜርክሊን በመጀመሪያ ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆን የወጥ ቤት ዕቃ ከቆርቆሮ ይሠራ ነበር። በ1891 በላይፕሲግ ትርዒት ላይ የሐዲድ ስፋታቸው የተወሰነ፣ ቁራጭ በቁራጭ እየተጨመረ የሚሰፋ ባቡር አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው አንድ ጊዜ ገዝቶ የሚሄድ ሰው መሆኑ ቀረ፤ ዛሬ ሎኮሞቲቭ የገዛ ነገ ፉርጎ፣ ከነገ ወዲያም ሐዲድ ሊጨምር ይመለሳል።

ከሥዕል እስከ ሱቅ

አንድ አምሳያ ከሐሳብ ተነሥቶ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ብዙ ደረጃ ያልፋል። በመጀመሪያ ኩባንያው አምሳያ ሊያወጣለት የሚፈልገውን እውነተኛ ሎኮሞቲቭ ይመርጣል፤ የጥንቱን ንድፍ ከመዝገብ ቤት ይፈልጋል፤ ሎኮሞቲቩ በቤተ መዘክር የሚገኝ ከሆነም ይለካዋል። በዛሬው ጊዜ ልኬቱ ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው በብርሃን ጨረር በሚሠራ መሣሪያ ነው። ቀጥሎ ንድፉ በኮምፒዩተር ይሣላል። ሦስተኛው ደረጃ ፕላስቲኩና ማዕድኑ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ማውጫ የሚቀረጽበት ነው፤ ከፍ ያለው ወጪ የሚወጣውም በዚህ ላይ ነው። አራተኛው፣ ከዚያ ቅርጽ ማውጫ የወጣው ቀለም ያልተቀባ ናሙና ተገጣጥሞ፣ በሐዲድ ላይ ተነድቶ የሚመረመርበት ነው። አምስተኛው፣ ቀለሙና ጽሕፈቱ በናሙናው ላይ አርፎ የሚታረምበት ነው። ከዚህ በኋላ ዕቃው በብዛት ይመረታል፤ ታሽጎም በመርከብ ይጫናል።

እንግዲህ ኩባንያው ማስታወቂያውን የሚያወጣው ከእነዚህ ደረጃዎች በማናቸውም ላይ ሳለ ሊሆን ይችላል። አንዱ ንድፉን ሳይጨርስ ያስታውቃል፤ ሌላው ዕቃው ከመርከብ ላይ ሳለ ያስታውቃል። በካታሎግ ላይ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ታትመው ሲታዩ እኩል ያማሩ ናቸው፤ ከመድረሻቸው ያላቸው ርቀት ግን የሁለት ዓመት ልዩነት ሊኖረው ይችላል።

የዚህን ልዩነት ዋጋ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። አንድ ባለ ሱቅ 100,000 ብር ለትእዛዝ ቀብድ ቢሰጥና ዕቃው በ18 ወር ቢደርስ፣ ገንዘቡ በዚያ ጊዜ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ያው ገንዘብ በየ6 ወሩ ገብቶ በሚወጣ ሸቀጥ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ 3 ጊዜ ይዞር ነበር። ስለዚህ ሩቅ ካለ ዕቃ የሚገኘው ትርፍ ከ3ቱ ዙር ትርፍ የማይበልጥ ከሆነ፣ ነጋዴው ዕቃው በደኅና ቢደርስለትም እንኳ ከስሯል።

አዲስ ቅርጽና አዲስ ቀለም

በማስታወቂያ ላይ «አዲስ» ተብሎ የሚጻፈው ዕቃ ሁሉ በአንድ ዐይነት አዲስ አይደለም። አንዱ ቅርጽ ማውጫው ጭምር እንደ ገና የተሠራ ነው፤ ሁለተኛው የቀድሞው ቅርጽ በሌላ ቀለምና በሌላ ቁጥር የወጣ ነው።

ለዚህ ፍላይንግ ስኮትስማን የተባለው የእንግሊዝ ሎኮሞቲቭ መልካም ምሳሌ ነው። በ1923 በዶንካስተር ሲሠራ ቁጥሩ 1472 ነበረ፤ በማግሥቱ ዓመት 4472 ተባለ፤ የእንግሊዝ ባቡሮች በ1948 የመንግሥት ንብረት ከሆኑ በኋላ ደግሞ 60103 ሆነ። ቀለሙም በየጊዜው ተለዋውጧል። እውነተኛው ከነከሰል ተሸካሚው 21 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ በኦ ኦ መጠን አምሳያው 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ኩባንያው ያንን 28 ሳንቲ ሜትር ቅርጽ አንድ ጊዜ ካወጣው በኋላ፣ ቀለሙንና ቁጥሩን እየለወጠ ለብዙ ዓመታት ሊሸጠው ይችላል።

በፉርጎ ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። በእንግሊዝ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የከሰል ማዕድን ባለቤቶችና የከሰል ነጋዴዎች የየራሳቸው ፉርጎ ነበራቸው፤ በጎኑም ላይ ስማቸውን በትላልቅ ፊደል ያስጽፉ ነበር። የፉርጎዎቹ ቅርጽ ግን ተመሳሳይ ነበር። ስለዚህ አምሳያ ሠሪው በአንድ ቅርጽ ማውጫ ብዙ ዐይነት ስምና ቀለም ያለው ፉርጎ ያወጣል፤ ደንበኛውም አንድ ሎኮሞቲቭ ገዝቶ ዐሥርና ከዚያ በላይ ፉርጎ ሊያስከትለው ይፈልጋል። ፉርጎ ዋጋው ዝቅተኛ ስለ ሆነ ከደጅ ለሚገባ እንግዳም ይሸጣል፤ ሎኮሞቲቭ ግን በስሙ የሚጠብቀውን ሰው ይሻል።

ለባለ ሱቁ ውጤቱ ግልጽ ነው። በአሮጌ ቅርጽ ላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ዕቃ የመዘግየት አደጋው አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ደንበኛው ቀድሞ ሌላውን ቀለም ገዝቶ ከሆነ ፍላጎቱ የቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። አዲስ ቅርጽ ግን ፍላጎቱ የጋለ፣ መድረሻው ግን ያልተረጋገጠ ነው።

የማስታወቂያ ሁለት ልማድ

እንግሊዛዊው ሆርንቢ ለብዙ ዓመታት የዓመቱን ዝርዝር በጥር ወር በአንድ ጊዜ ሲያስታውቅ ኖሯል። ይህ ልማድ ታላቅ ወሬ ያስነሣል፤ ሆኖም ጥር ላይ የታየው ዕቃ በዓመቱ መጨረሻ ወይም ከዚያም በኋላ ሊደርስ ስለሚችል፣ የደንበኛው ጉጉት በመካከሉ ይበርዳል። ባክማን ደግሞ በእንግሊዝ ገበያ ከ2021 ጀምሮ ይህን ትቶ፣ በሩብ ዓመት አንድ ጊዜ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት የሚደርሱትን ዕቃዎች ብቻ ወደ ማስታወቅ ተሸጋገረ። በዚህም ባለ ሱቁ ገንዘቡን ለብዙ ጊዜ አያስርም፤ ነገር ግን ደንበኞቹን ጠይቆ ለመወሰን ያለው ጊዜ አጭር ነው።

ሜርክሊን በበኩሉ አንዳንዶቹን ሎኮሞቲቮች ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚመረቱ ናቸው ብሎ ያስታውቃል። በዚህ ጊዜ የተፈራው መብዛት ሳይሆን ማጣት ነውና ባለ ሱቁ ቶሎ እንዲያዝ ይገደዳል። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚመረት ዕቃ ደንበኛ ካለው መልካም ነው፤ ደንበኛ ከሌለው ግን ብርቅነቱ ብቻውን ገዢ አያመጣም።

ወደ ፊት የሚጠበቁ በዓላት

ኩባንያዎች የሚያወጡትን አምሳያ አስቀድመው ባይናገሩም፣ ምርጫቸውን የሚመራው ብዙ ጊዜ የመታሰቢያ በዓል ነው። ሆርንቢ የባቡር ሥራውን 100ኛ ዓመት ባከበረበት በ2020 የስቲቨንሰንን ሮኬት በአዲስ ቅርጽ አስታውቋል። በ2025ም በ1825 የተከፈተው የስቶክተንና የዳርሊንግተን መስመር 200ኛ ዓመት ተከብሯል።

በዚህ መንገድ ነጋዴው ቀኑን ቆጥሮ የሚመጣውን ለመገመት ይችላል። ሮኬት በሬይንሂል ውድድር ያሸነፈበት 200ኛ ዓመት በ2029 ይውላል፤ የሊቨርፑልና የማንቸስተር መስመር የተከፈተበት 200ኛ ዓመት በ2030 ይሆናል። የጀርመን የመጀመሪያው የእንፋሎት ባቡር አድለር ከኑረንበርግ ወደ ፉርት የሄደው በ1835 ነበርና 200ኛ ዓመቱ በ2035 ነው። በ1938 በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር ሮጦ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭን ክብረ ወሰን የያዘው የማላርድ 100ኛ ዓመትም በ2038 ይሆናል። እነዚህ በዓላት በደረሱ ጊዜ አምሳያ ይወጣል ተብሎ መጠበቁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዓል ሲያልፍ የበዓል ዕቃ ፍላጎት አብሮ ሊቀዘቅዝ ስለሚችል፣ ዘግይቶ የሚደርሰውን ትእዛዝ ማብዛት አይገባም።

ትእዛዝ የሚበላሽባቸው መንገዶች

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው ሁለት ኩባንያዎች አንድ ዐይነት አምሳያ የማውጣታቸው ነገር ነው። በ2018 መጨረሻ አካባቢ አንድ የሼፊልድ ቸርቻሪ ከዳፖል ጋር ሆኖ ቴሪየር የተባለውን፣ ከ1872 ጀምሮ የተሠራውን ትንሽ ሎኮሞቲቭ ሊያወጣ ማሰቡን አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ሆርንቢ የራሱን አዲስ ቴሪየር አስታወቀ፤ ቀድሞም ለገበያ አደረሰ። በ2022 ደግሞ ሆርንቢ 120 ጊዜ ባነሰው ቲ ቲ በተባለው መጠን ሰፊ ዝርዝር ሲያስታውቅ፣ የዴንማርኩ ሄልያን በዚያው መጠን ሊሠራ ያሰበውን ተወ። እንግዲህ ለሁለቱም ትእዛዝ ቢሰጥ ዕቃ ይበዛል፤ ለአንዱ ብቻ ቢሰጥ ደግሞ የተመረጠው ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው፣ ሠሪው ራሱ ባለ ሱቁን አልፎ ለደንበኛው መሸጡ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የሆርንቢ ቲ ቲ ዝርዝር በመጀመሪያ የተሸጠው በኩባንያው በራሱ በኩል ብቻ ነበር፤ ለሱቆች የተፈቀደው ቆይቶ ነው። ለብዙ ዓመታት ስሙን በመስኮታቸው ሰቅለው ደንበኛ ያፈሩለት ባለ ሱቆች በዚያ ወራት የሚሸጡት ዕቃ አልነበራቸውም።

ሦስተኛው የፋብሪካ ጥገኝነት ነው። ሆርንቢ የምርት ሥራውን በ1990ዎቹ ከእንግሊዝ አገር ወደ ቻይና አዛወረ። በ2012 ግን ከዋነኛ አምራቹ የሚጠብቀው ዕቃ በጊዜውና በመጠኑ ስላልደረሰለት ሽያጩ ተጎዳ። ያንን አምራች ከጥቂት ዓመታት በፊት የገዛው የሆንግ ኮንጉ ካደር ነበር፤ ካደርም ከ1987 ጀምሮ የባክማን ባለቤት ነው። ዕቃውን የሚሠራለት ፋብሪካ በተወዳዳሪው እጅ የገባበት ኩባንያ፣ ለባለ ሱቁ የሰጠው ቀን በራሱ ሥልጣን ብቻ የሚፈጸም አይደለም።

አራተኛው የመንገድ ነገር ነው። ከቻይና ወደ አውሮጳ የሚሄደው መርከብ የተለመደው መንገዱ በባብ ኤል መንደብ፣ ማለትም በጅቡቲ ደጃፍ፣ አልፎ በስዌዝ ቦይ መውጣት ነው። በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቨን የተባለው መርከብ ቦዩን ለ6 ቀናት ዘጋው፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮም በቀይ ባሕር በንግድ መርከቦች ላይ በተነሣው ጥቃት ምክንያት ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪቃ ዞረው ለመሄድ ተገደዱ። የጅቡቲን ወደብ የሚጠቀም የአገራችን አስመጪ ይህን ዐይነቱን መዘግየት ማስረዳት አያስፈልገውም።

ከሁሉ የከፋው የሠሪው መውደቅ ነው። ታላቁ ሜርክሊን በተመሠረተ በ150ኛው ዓመቱ፣ በየካቲት 2009፣ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ደግነቱ ሥራው ሳይቋረጥ ከዚያ ችግር ወጣ፤ በ2013ም በሌላ የመጫወቻ ዕቃ ኩባንያ ባለቤቶች ተገዛ። በ2019 ግን በእንግሊዝ አገር አንድ ትንሽ ኩባንያ ሲዘጋ፣ ገና ላልተሠሩ ሎኮሞቲቮች አስቀድመው ገንዘብ የከፈሉ ሰዎች ዕቃውንም ገንዘቡንም ሳያገኙ ቀሩ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ደረሰባቸው። በቸርቻሪዎችም በኩል በ1946 የተቋቋመው ታዋቂው የሃተንስ ሱቅ በጥር 2024 ሥራውን ሊያቆም መሆኑን አስታውቋል።

ከማዘዝ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ ሁሉ በኋላ ባለ ሱቁ ትእዛዝ አይስጥ ማለት አይደለም። አስቀድሞ ያላዘዘ ነጋዴ ዕቃው ሲደርስ ባዶ እጁን ይቀራል፤ ደንበኛውም ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። የሚያስፈልገው ትእዛዙን በመጠን ማድረግ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ አቅርቦ በጽሑፍ መልስ ማግኘት ይጠቅማል።

1ኛ፤ ዕቃው ከየትኛው ደረጃ ላይ ነው? ንድፍ ብቻ ከሆነ የደንበኞችን ስም መመዝገብ እንጂ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ቀለም ያልተቀባው ናሙና ሲታይ መጠነኛ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ቀለም የተቀባው ናሙና ሲታይ ትእዛዙ ይሞላል።

2ኛ፤ ቅርጹ አዲስ ነው ወይስ ቀለሙ ብቻ? ቀለሙ ብቻ ከሆነ ያለፈው ቀለም በሱቁ ውስጥ ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደ ተሸጠ መዝገብን መመልከት ነው።

3ኛ፤ ሌላ ኩባንያ ያንኑ ሎኮሞቲቭ አስታውቋልን?

4ኛ፤ መጠኑና ኤሌክትሪኩ ከደንበኛው ሐዲድ ጋር ይስማማልን? የሜርክሊን የኤች ኦ ሎኮሞቲቭ ኤሌክትሪኩን ከሐዲዱ መካከል ስለሚወስድ፣ በሁለቱ ሐዲዶች ብቻ በሚሠራው በሌሎቹ መስመር ላይ አይሄድም። ሜርክሊን በ1997 በያዘው በትሪክስ ስም ግን ተመሳሳይ ሎኮሞቲቮችን ለባለ ሁለት ሐዲዱ ያወጣል። ይህን ሳይለዩ ማዘዝ የተመለሰ ዕቃ ያበዛል።

5ኛ፤ ቀብዱ ዕቃው ቢዘገይ ወይም ቢቀር ይመለሳልን? በስንት ቀንስ ውስጥ?

6ኛ፤ ሠሪው ያንኑ ዕቃ ለደንበኛ በቀጥታ ይሸጣልን? የሚሸጥ ከሆነስ በምን ዋጋ?

ለእነዚህ ስድስት ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሚሰጥ አቅራቢ ዕቃው ቢዘገይበት እንኳ ሊታመን ይችላል፤ በመልሱ ፈንታ ሌላ ያማረ ሥዕል ብቻ የሚልክ ከሆነ ግን ትእዛዙን ማቆየት ይሻላል። ባለ ሱቁም በበኩሉ ከደንበኞቹ ቀብድ የተቀበለ እንደ ሆነ፣ የዚያን ገንዘብ ሒሳብ ከሱቁ ገንዘብ ለይቶ ይያዝ፤ ለደንበኛው የሚሰጠውም ደረሰኝ የመድረሻውን ቀን በግምት መሆኑን በግልጽ የሚናገር ይሁን። ዕቃው በዘገየ ቀን ደንበኛው የሚጠይቀው ሩቅ አገር ያለውን ፋብሪካ ሳይሆን ገንዘቡን የተቀበለውን ባለ ሱቅ ነውና።